ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን አትጠብቂ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና ጉበት። ጎንደር ውስጥ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ከቆምኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። "ይሄ መድኃኒት ጉበት ይጎዳል ይባላል፣ እውነት ነው?" ሳልባል ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ እዚህ ላይ ልቆይ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ "እንደምን ሰነበትሽ እህቴ። የምጽፍልሽ ከአዘዞ ነው። ልጄ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። በዘጠኝ ወሩ ይጥለው ጀመር። መጀመሪያ ፌኖባርቢታል ተሰጠው፤ ቀነሰለት እንጂ አልተወውም። ከአምስት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ቫልፕሮዌት የሚባል ሽሮፕ ጨመረለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጣለውም። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ፣ ባሕር ዳር ጤና የሚማረው የአክስቴ ልጅ መጣና 'ይሄ መድኃኒት ጉበት ውስጥ ኦክሲዴሽን ያመጣል፣ ሴሉን ያቃጥለዋል' አለኝ። አማቴ ደግሞ 'ድሮም ብያለሁ፣ ተይውና ጠበል ውሰጂው' ይላሉ። ፈራሁና ሽሮፑን በራሴ በግማሽ ቀነስኩት። ልጁ ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይጫወታል። እኔ ግን ሌሊት እየተነሳሁ ዓይኑን በባትሪ አያለሁ፣ ቢጫ ሆኖ ይሆን ብዬ። እውነቱን ንገሪኝ።" (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ የአክስትሽ ልጅ የነገረሽ እውነት ነው። የነገረሽ ግን ግማሹን ነው። ቀሪውን እኔ ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት፣ ነገ ጠዋት ልጁን ይዘሽ መድኃኒቱን ወደጻፈለት ሐኪም ሂጂ። በግማሽ መቀነስሽን አትደብቂው። ማንም አይቆጣሽም፤ ቢቆጣሽም ንገሪው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ወይም ሲቀነስ በሽታው ተጠራቅሞ ሊመጣ ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳያቋርጥ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ አደጋ ነው፤ ሕይወት ይወስዳል። ስለዚህ ጉበቱን አድናለሁ ብለሽ ልጁን ለዚያ እንዳታጋልጪው። መድኃኒቱ ይቀጥል፣ ይቀነስ ወይም በሌላ ይለወጥ የሚለውን ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ ወስኑ።

ነገ ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅሽ ከሁለት ዓመት በታች ነው። ሁለት መድኃኒት አብሮ ይወስዳል። ቫልፕሮዌቱን ከጀመረ ገና ስድስት ወር አልሞላውም። እነዚህ ሦስቱ ተደርበው ሲገኙ ነው እኛ ባለሙያዎቹ ዓይናችንን ከፍተን መጠበቅ ያለብን። ለምን እንደሆነ እንድታውቂ ወደ ጉበቱ እንግባ።

ቫልፕሮዌት ከስብ ወገን ነው። ስምንት ካርቦን ያለው ትንሽ የስብ አሲድ ነው። ጉበትም እንደ ስብ ያስተናግደዋል፤ የሚያስወግድበትም ዋና ዋና ሦስት መንገድ አለው። ግማሽ ያህሉን ከስኳር ዘር ጋር አጣብቆ በሽንት ይሸኘዋል። ከመቶ አርባ ያህሉን ሚቶኮንድሪያ ወደሚባለው የሴሉ ምድጃ አስገብቶ እንደማንኛውም ስብ ያነደዋል። የቀረችው ጥቂት፣ ከመቶ አሥር ገደማ፣ የምታልፈው በጠባብ በር ነው። እዚያ በር ላይ ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። ጣጣው የሚመጣው ከዚህች በር ነው።

በዚያ በር ያለፈው መድኃኒት 4-ኢን-ቫልፕሮዌት ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ይሄ ወደ ምድጃው ሲገባ ደግሞ ይብስበታል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ ቁጡ ነገር ይወጣዋል። መጀመሪያ የሚይዘው ግሉታቲዮንን ነው። ግሉታቲዮን ሰውነታችን ራሱ ከሦስት አሚኖ አሲዶች የሚሠራው ጠባቂ ነው። ምን ይጠብቃል? ምድጃ ካለ ጭስ አለ። የሴሉም ምድጃ ስብና ስኳር ሲያነድ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ጎጂ ኦክስጅን ያመልጠዋል። ከእሱም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ እያወጣ የሚንተከተከው ያው ነው። ጤነኛ ጉበት ውስጥ ግሉታቲዮን ቀን ከሌት እየተከታተለ ወደ ውሃ እንዲለወጥ ያደርጋል። ግሉታቲዮኑ መድኃኒቱ ላይ ካለቀ ግን ጭሱን የሚያስወጣው የለም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በቅቤ ላሳይሽ። ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ ነጋዴዋ ቅጠሉን ገለጥ ታደርግልሻለች። አንቺ በጣትሽ ትንሽ ወሰድ ታደርጊና የእጅሽ ጀርባ ላይ አሸት አድርገሽ ታሸቺዋለሽ። ለጋው ወተት ወተት ይላል። በሳሉ አፍንጫ ይመታል። ሽታው ከሚለወጥበት ምክንያት አንዱ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስቡን እየበላው ስለሚሄድ ነው። አንዱ የስብ ቅንጣት ሲበላሽ ጎረቤቱን ያበላሻል፤ ያም የሚቀጥለውን። የጉበት ሴል ግድግዳ በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ነው። የምድጃው ግድግዳም እንዲሁ። ጠባቂው ሲያልቅ፣ ቅቤው ላይ በሳምንታት የምናየው ነገር ግድግዳው ላይ ይጀምራል። የአክስትሽ ልጅ ኦክሲዴሽን ያለሽ ይሄንን ነው። ግድግዳው የተጎዳ ምድጃ ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ያጨሳል። የበለጠ ሲያጨስ የበለጠ ይጎዳል። አንዴ እዚህ አዙሪት ውስጥ ከገባ በራሱ አይወጣም።

ሌላም አለ። ስብ ወደ ምድጃው የሚገባው በሸክም ነው። ተሸካሚው ካርኒቲን ይባላል። ቫልፕሮዌት ካርኒቲንን ይዞ በሽንት ይወጣል፤ በተለይ ትንንሽ ልጆች ላይ ካርኒቲን ያንሳል። ተሸካሚ ያጣው ስብ የትም አይሄድም፤ በጥቃቅን ጠብታ ሆኖ የጉበቱን ሴል ይሞላዋል። አሞኒያን ወደ ዩሪያ የሚለውጠውም የጉበት ሥራ ይደክማል። አሞኒያ ደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ላይ ይወጣል። ልጁ ይፈዛል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ያስመልሰዋል።

ፌኖባርቢታሉ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ፌኖባርቢታል እነዚያን የጠባቧን በር ኢንዛይሞች ያበዛቸዋል። በሯ ሰፋ ትላለች፤ ቁጡው ነገርም ይበዛል። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉት ሌሎች የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንደዚሁ ያደርጋሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1984 ቫልፕሮዌት የወሰዱ ሰዎች መረጃ ተሰብስቦ በ1987 ታትሟል። ከሁለት ዓመት በታች ሆነው ከሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት ሕፃናት ከ500 አንዱ በጉበት ጉዳት ሞቷል። ቫልፕሮዌትን ብቻውን ከወሰዱት ሁሉ ግን ከ37,000 አንድ ነው የሞተው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያያቸው። ከ500 አንድ ማለት 499ኙ በዚህ ምክንያት አልሞቱም ማለትም ነው። ሐኪምሽ መድኃኒቱን የጨመረው ልጅሽን ሊጎዳ አይደለም። የማይቆም መጣል ራሱ የልጅን አንጎል ይጎዳል፤ እሳት ላይ ይጥላል፣ ውሃ ውስጥ ይጥላል። ሐኪሙ ሁለቱን መዝኖ ነው የጻፈው። ሚዛኑን አሁን እንደገና አብራችሁ እዩት፤ ቫልፕሮዌቱ ከሠራለት ፌኖባርቢታሉን ቀስ በቀስ ማውጣት ይቻል እንደሆነ፣ ወይም ለዕድሜው የሚሻል ሌላ መድኃኒት ካለ ጠይቂው።

አሁን ወደ ባትሪሽ ልመለስ። ሌሊት እየተነሳሽ ዓይኑን ማየትሽን ሳነብ ሆዴ ተንሰፈሰፈ። ምክንያቱም የምትጠብቂው መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ነው። ከላይ እንደነገርኩሽ ጉዳቱ የሚጀምረው ከሴሉ ምድጃ ነው። ምድጃው ሲደክም መጀመሪያ የሚታየው ማስመለስ፣ ምግብ መጥላት፣ መፍዘዝና መድከም ነው። ፊቱ እብጥ ሊል ይችላል። ቆሞ የነበረው መጣልም ያለ ምክንያት ይመለሳል። የዓይን ቢጫነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። አንዳንዴም ከናካቴው አይመጣም።

ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አላስጨንቅሽም ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንዲት የወገራ እናት የሁለት ዓመት ልጅ አዝላ መጣች። ቫልፕሮዌት ሽሮፕ ታዞለታል። ከኋላዋ ሃያ ሰው ተሰልፏል። "ጠዋትና ማታ፣ ይሄን ያህል" አልኳት። በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩና "ቀጣይ!" አልኩ። ሰባት ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ክረምት ነበር፤ ነጠላዋ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። አራት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው ከርሟል። አንድ የግል ክሊኒክ ወስዳው ታይፎይድ ነው ተብሎ መርፌ ተወግቷል። የመጣችው ሽሮፑ አልቆባት ሌላ ልትገዛ ነው። "ደግሞ ትናንት ሁለቴ ጣለው፤ ቆሞለት ነበር እኮ" አለችኝ። ልጁን ስጠራው ዓይኑን ገለጠና መልሶ ጨፈነ። ዓይኑ ነጭ ነበር፤ ምንም ቢጫ የለውም። መስኮቱን ዘግቼ ራሴ ድንገተኛ ክፍል ድረስ ወሰድኳቸው። መድኃኒቱ ቆመ፣ ልጁ ሆስፒታል ተኛ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተረፈ። ሲወጡ እናቱ ልታመሰግነኝ መጣችና እንዲህ አለችኝ፦ "ያን ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ ማስመለስ በጀመረው ቀን ይዤው እመጣ ነበር።" ምንም አልመለስኩላትም። ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሰልፉ በሩ ድረስ ቢደርስም ሳልናገር ቫልፕሮዌት የሰጠሁት ሰው የለም።

ስለዚህ ላንቺም የምነግርሽ ለእሷ መንገር የነበረብኝን ነው። ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ፣ ምግብ እንቢ ካለ፣ ወይም መጣሉ ከተመለሰ፣ "ምች ነው፣ ጥርስ ነው፣ ታይፎይድ ነው" ብለሽ አንድ ቀን አታሳድሪው። በዚያው ቀን ጠርሙሱን ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ። ያገኘሽው ሐኪም ሌላ ሰው ከሆነ "ቫልፕሮዌት ይወስዳል" የሚለውን የመጀመሪያ ቃልሽ አድርጊው። ያለበለዚያ ማስመለስ ያለው ልጅ ሲመጣ ማንም ሰው ጉበትን ቀድሞ አያስብም። በሰውነቱ ላይ ያለ ምክንያት ሰንበር ካየሽ ወይም አፍንጫው ከደማም እንዲሁ፤ ደምን የሚያረጋውን ነገር የሚሠራው ጉበት ነው።

የጉበት ምርመራም አለ። መድኃኒቱ ሳይጀመር መታየት ነበረበት፤ ታይቶ እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየጊዜው ይታያል። ላቦራቶሪው ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ ብሎ የሚጽፋቸው ቁጥሮች ትንሽ ከፍ ብለው ቢገኙ አትደንግጪ። ብዙ ሰው ላይ ትንሽ ከፍ ይሉና መጠኑ ሲስተካከል ይመለሳሉ። በተቃራኒው ቁጥሩ ደህና ነው ተብሎ ልጁ ከፈዘዘ ልጁን እመኚ፤ ወረቀቱን አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ሐኪሙ ካልጠየቀሽ አንቺ ንገሪው። ከአንቺ ወይም ከአባቱ ወገን እየጣለው፣ ጉበቱ ታሞ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ አለ? ልጅሽስ መራመድ ወይም መናገር ጀምሮ የተወው ነገር አለ? ፖልጂ የሚባለው ጂን ላይ ስህተት ይዘው የሚወለዱ ልጆች አሉ። የእነሱ ምድጃ ድሮውኑ ደካማ ነው፤ ቫልፕሮዌት ለእነሱ አይሰጥም። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዳይሆን ይሄ አስቀድሞ የሚጠየቅ ነው።

መጠኑን በሻይ ማንኪያ አትለኪ። አንዱ ቤት ያለው ማንኪያ ከሌላው ቤት ጋር አይመሳሰልም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ውሰጂ፤ መስመሩ ጋ ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ምልክት ያድርግልሽ። ትኩሳት ሲመጣበት አስፕሪን አትስጪው። አስፕሪን ቫልፕሮዌትን ከተጣበቀበት የደም ፕሮቲን እያላቀቀ ኃይሉን ይጨምረዋል፤ ለሕፃን ጉበት ብቻውንም ጥሩ አይደለም። ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ተለክቶ ይሰጠዋል። ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ያንኑ ግሉታቲዮን ይጨርሳልና "ትንሽ ልጨምርለት" አይባልም።

ለአማትሽ በእኔ ስም ሰላምታ አቅርቢልኝ። ጠበሉን አልከለክልም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ መድኃኒትን አትከለክልም፤ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ጠበሉ ቦታ ስትሄጂ ሽሮፑም አብሮ ይሂድ፤ ልጁም በባዶ ሆዱ አይዋል። ጾም ለሕፃን አልተሠራም። የተራበ ጉበት ደግሞ ግሉታቲዮኑ ቶሎ ያልቃል።

ባትሪውን አስቀምጪውና ሌሊት ተኚ። ጠዋት ሲነሳ ስሙን ጥሪው፤ እንደወትሮው ዞር ብሎ ካየሽና ቁርሱን ከበላ ይሄ ከባትሪው የበለጠ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ "አባቴ ቆላ ድባ ነው የሚኖረው። ዕድሜው 60 አልፏል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል። ከሁለት ወር በፊት የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት መድኃኒት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱም ኮካ መሰለ። ጎረቤት የወፍ በሽታ ነው ብሎ ስሚዛ ጨምቆ አጠጣው። እኛም የሚጥለው መድኃኒት ጉበቱን በላው ብለን ፌኖውን አስቆምነው። አባቴ አረቄም ኮረፌም ይወዳል፣ አልደብቅሽም። ልክ ሠርተናል?" (ሴት ልጁ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ስላልደበቅሽኝ አመሰግናለሁ። አባትሽ ዛሬ ሆስፒታል ይግቡ። ይሄን መጽሔት እያነበብሽ ካልሄዱ አሁን ተነሺ።

ሃያ ዓመት የወሰዱት መድኃኒት በድንገት ጉበት ያበላሻል ማለት ይከብዳል። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ያገለገለ መድኃኒት ነው። ጉበት ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ነው፤ ያም ከትኩሳትና ከቆዳ ሽፍታ ጋር። እኔ የምጠረጥረው አዲሱን ነው። ከነቀርሳው መድኃኒቶች አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ጉበት ሊጎዱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ይከፋል። አልኮል የጉበቱን ግሉታቲዮን ያሟጥጣል፤ ከላይ ለአዘዞዋ እናት የጻፍኩትን አንብቢው። ፌኖባርቢታሉም የመድኃኒት ማጣሪያ ኢንዛይሞቹን ስለሚያበዛ ከደሙ ፍጹም ነጻ ነው አልልሽም። የቫይረስ ሄፓታይተስም ሊሆን ይችላል። ይሄን የሚለየው ምርመራ ነው።

ፌኖባርቢታሉን ማስቆማችሁ ግን ስህተት ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ ቀን የቆመ ፌኖባርቢታል ከባድ መጣል ያመጣል። የነቀርሳውንም በራሳችሁ አታስቁሙ፤ ሐኪሙ ነው ለጊዜው አቁሞ አንድ በአንድ የሚመልሰው። ስሚዛውን ተዉት። ስሚዛ (ሰንሰል የምትሉትም አላችሁ) ለወፍ በሽታ ሲሰጥ ከኖረ ረጅም ጊዜ ነው፤ አያቶቻችንን አላቃልልም። የታመመ ጉበት ላይ ግን ያልተለካ ጭማቂ መጨመር ሸክም ነው፤ ሐኪሙም የቱ እንደጎዳቸው መለየት ያቅተዋል። የመድኃኒቶቹን ካርቶን በሙሉ፣ የስሚዛውንም ነገር፣ የአረቄውንም ነገር ይዘሽ ሂጂ። አባትሽ ፊትሽ ስለ አረቄው መናገር ካፈሩ ሐኪሙን ለብቻው ንገሪው።

ጥያቄ፦ "ማራኪ የምማር ተማሪ ነኝ። ቫልፕሮዌት እወስዳለሁ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ደህና ነኝ። ጉዳቱ ኦክሲዴሽን ከሆነ አንቲኦክሲዳንት ብወስድስ? ጓደኞቼ እርድ በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቫይታሚን ኢ ይሉኛል።" (ተማሪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ብልህ ነው። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት፣ ኮረሪማና እርድ የሚጨምሩበት ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ቅቤው እንዲቆይም ነው። ቅመሞቹ ኦክስጅኑን ይከላከላሉ። አይጦች ላይ በተደረጉ ብዙ ሙከራዎችም የተለያዩ አንቲኦክሲዳንቶች ቫልፕሮዌት የሚያደርሰውን የጉበት ጉዳት ቀንሰዋል። ነገር ግን ቅቤው ማሰሮ ውስጥ ነው፣ አይጡም ሳጥን ውስጥ። አንተ የዋጥከው እርድ ጉበትህ ሴል ውስጥ፣ ምድጃው ድረስ፣ በበቂ መጠን መድረሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ወጥህ ውስጥ ያለውን እርድ ብላ፤ በክኒንና በጭልፋ የሚወሰደውን ግን ተው። ተጨምቆ የተጠናከረ የእርድ ክኒን ራሱ ጉበት የጎዳበት ሰው አለ።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራበት ካርኒቲን ነው። በቫልፕሮዌት ጉበቱ ለተጎዳ ወይም አሞኒያው ለጨመረ ሰው በደም ሥር ይሰጣል፤ ቶሎ ሲጀመር ደግሞ የመትረፍ ዕድል ይጨምራል። ለደህና ሰው መከላከያ ብሎ መዋጥ ግን አንተ ዘንድ አያስፈልግም። በአንተ ዕድሜ፣ አንድ መድኃኒት ብቻ ይዘህ፣ ሦስት ዓመት ካለፈህ፣ ስጋቱ በጣም ትንሽ ነው። ምርመራህን አታቋርጥ፣ መጠጥ ራቅ፣ ሌላ መድኃኒት ሲጻፍልህ ቫልፕሮዌት እንደምትወስድ ተናገር።

የመድኃኒትህን ታሪክ ከወደድክ ይሄን ልጨምርልህ። ቫልፕሮይክ አሲድን አሜሪካዊው ኬሚስት በርተን በ1882 (እ.ኤ.አ.) ሲሠራው መድኃኒት ይሆናል ያለ ማንም አልነበረም። ሰማንያ ዓመት ያህል የላቦራቶሪ ማሟሚያ ሆኖ ኖረ። በ1962 ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ውስጥ ፒየር ኤማር የሚባል ተመራማሪ ሌሎች ውሕዶችን በእሱ እያሟሟ ሲሞክር ሁሉም መጣልን አስቆሙ። የሠራው ውሕዱ ሳይሆን ማሟሚያው ነበር። በ1967 ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ለስብ ጥሩ ማሟሚያ የሆነው ራሱ ከስብ ወገን ስለሆነ ነው፤ ጉበት እንደ ስብ የሚያስተናግደውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ጥያቄ፦ "ከጥምቀት በኋላ ላገባ ነው። ቫልፕሮዌት እወስዳለሁ። ጉበቴ ደህና ነው ተብያለሁ። ሌላ የሚያሰጋኝ ነገር አለ?" (ሙሽራ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። አዎ፣ አለ፤ ከጉበትሽም ይበልጣል። በእርግዝና ጊዜ ቫልፕሮዌት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ መቶ ልጆች አሥር ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ የአከርካሪ ክፍተት አንዱ ነው። ከመቶ ከሠላሳ እስከ አርባ የሚሆኑት ደግሞ የመማርና የመናገር ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ማርገዝሽን ከማወቅሽ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ መለወጥ ካለበት ከማርገዝሽ በፊት ነው የሚለወጠው፤ ያም ወራት ይፈልጋል። እስከዚያ እርግዝና እንዳይመጣ ተጠንቀቂ፣ ፎሊክ አሲድም ከሐኪሙ ጠይቂ። በራስሽ ግን አንድም ቀን አታቁሚው። ቀጠሮውን ከጥምቀት በፊት ያዢ፤ እጮኛሽም አብሮሽ ይግባ፣ እሱም ከሐኪሙ አፍ ይስማ።